ከምንጩ በላይ የተቆፈረው ጉድጓድ

ሥራ በጀመርኩበት ቀን ስድስት ድንኳን፣ ሃያ ፍራሽ፣ አንድ አካፋ፣ ሁለት ፋኖስና የአራት ጎጆ ቁልፍ ፈርሜ ተረከብኩ። ያስረከበኝ ስካውት ነው፤ ደኑን በመሣሪያ የሚጠብቁትን የፓርኩን ሰዎች እንዲህ እንላቸዋለን። የአንደኛው ጎጆ ቁልፍ እንደማይሠራና በሩ በእርግጫ እንደሚከፈት ነግሮኝ ሄደ። በቅጥር ደብዳቤዬ ላይ ማዕረጌ «የካምፕ ሥፍራ ሠራተኛ» ይላል። ኮንትራቱ በየዓመቱ የሚታደስ ነበር። አሥራ አራት ዓመት ሠራሁበት።

ቦታው ከመካነ ሰላም በመኪና ተሄዶ ቀሪው በእግር የሚደረስ ነው። ደኑ ከላይ፣ ሐይቁ ከታች ነው። የአካባቢው ሰው ሐይቁን ባሕር ይለዋል። ማደሪያው ሦስት ዓይነት ነው። በሐይቁ ዳር ለድንኳን የተደለደለ ሜዳ አለ። ከሜዳው በላይ ዳገቱ ላይ አራት የሣር ክዳን ጎጆዎች አሉ። ተማሪዎች በብዛት ሲመጡ እንዲያድሩበት ከጽዶቹ ሥር ሰፊ ቦታና የእሳት ማንደጃ ተዘጋጅቷል። ውሃ የምንቀዳው በሜዳው ጥግ ከድንጋይ ሥር ከሚፈልቅ ምንጭ ነው። የመንደሩም ሰው የሚጠጣው እሱኑ ነው።

መጀመሪያ ሰሞን ለመጣ ሁሉ የሐይቁን ዳር እሰጥ ነበር። ለእንግዳ የተሻለውን መስጠት ያደግሁበት ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ግን ውርጩ የሚተኛው እዚያው ዝቅ ያለው ሜዳ ላይ ነው። ጠዋት ድንኳኑ እንደ ቆርቆሮ ደርቆ፣ እንግዶቹ ከንፈራቸው ጠቁሮ ሲወጡ አየሁ። ከዚያ በኋላ በእነዚያ ወራት ልጅና ሽማግሌ የያዘውን ወደ ጎጆ፣ ጎረምሳውን ወደ ጽዶቹ ሥር መምራት ለመድኩ።

ሽንት ቤቱ ከጎጆዎቹ አልፎ፣ ከጉብታው ወዲያ ማዶ ነበር። አንድ ጊዜ ከጅዳ የተመለሰች የደጎሎ ልጅ እናቷን ይዛ መጣች። ሄዳ ስትመለስ ጫማዋን አውልቃ ጠጠር እያራገፈች፣ «እትዬ፣ ይኼ ሽንት ቤት ነው ወይስ ወረኢሉ? ስንቅ ቋጥሩልን እንጂ» አለችኝ። እናትዬውም እኔም ሳቅን። ልጅቱ ግን ነገሩን በአስተያየት መዝገቡ ላይ ጻፈችው። ከእሷ በፊትም የጻፉ ነበሩ።

ኃላፊያችን አቶ ጌታሁን መዝገቡን አነበበ። ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ፣ ከእኔ በዕድሜ በብዙ የሚያንስ፣ ሥራ የሚወድ ሰው ነበር። በሚያዝያ መጥቶ ቦታውን በእርምጃ ለካና ከጎጆዎቹ ዝቅ ብሎ፣ ከምንጩ በላይ፣ ችካል መታ። አዲሱ ሽንት ቤት ለድንኳኑም ለጎጆውም እኩል እንዲቀርብ ነበር ሐሳቡ። ወደ እኔ ዞሮ ምን እንደሚመስለኝ ጠየቀኝ። ምንጩን አየሁት። «እርስዎ ካሉ ጥሩ ነው» አልኩ።

ቆፋሪው አያ ይማም ነበሩ። በዚያ አገር ስንት ጉድጓድ የቆፈሩ፣ የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው። ችካሉ ሲመታ አጠገባችን ቆመው ነበር። ቃል ሳይናገሩ ዶማቸውን አነሱ።

በሦስተኛው ቀን ምሳ ይዤላቸው ስሄድ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። አፈሩ አልቆ ኮረትና የተሰነጠቀ ድንጋይ መጥቶ ነበር። የጠዋቱ የበልግ ዝናብ ጉድጓዱ ውስጥ አንድም ኩሬ አልተወም፤ መሬቱ ጠጥቶታል።

«ይኼ ውሃ የት እንደሚገባ ታውቂያለሽ፣ አስካለ?» አሉኝ።

«ያወቁት መቼ ነው፣ አያ ይማም?»

«ችካሉ ሲመታ።»

ታዲያ ለምን ዝም እንዳሉ ጠየቅኋቸው።

«አንቺ እሺ ስትይ ሰማሁ። የተማረችው እሺ ካለች እኔ ገበሬው ምን አውቃለሁ አልኩ፣ ወላሂ።»

እኔ ደግሞ እሳቸው ዶማ ሲያነሱ አይቼ፣ ሽማግሌው ካልተቃወሙ ችግር የለውም ብዬ ነበር። ነገርኳቸው።

በግምት ሄጄ ኃላፊን መቃወም አልፈለግሁም። ቤቴ መሶብ ስለምሰፋ አለላ የማቀልምበት ቀይ ቀለም ነበረኝ፤ ጉድጓዱ ውስጥ ደፍቼ በምንጩ ይወጣ እንደሆነ ላይ አሰብኩ። መጀመሪያ ግን ወደ መንደሩ ወርጄ ሴቶቹ የሁለት ቀን ውሃ አስቀድመው እንዲቀዱ፣ ከብትም ከምንጩ እንዲያርቁ ነገርኩ። ጎረቤቴ ዘይነባ ምክንያቱን ስትሰማ ጀሪካኗን መሬት ላይ አኖረችው። «ለእንግዳ ብለሽ እኛን ሽንት ልታጠጪን ነበራ» አለች። ቆይታ፣ «በይ አብሽሪ፣ እኔም አግዝሻለሁ» ብላ ከሐይቁ ውሃ አብራኝ ተሸከመች። ቀለሙን በስምንት ጀሪካን ውሃ በጥብጠን ጉድጓዱ ውስጥ ደፋን።

በማግስቱ ከቀትር በፊት ምንጩ ሮዝ ሆኖ ወረደ።

ጉብታው ላይ ወጥቼ ኔትወርክ ፈለግሁና ለአቶ ጌታሁን ደወልኩ። በዚያው ቀን በሞተር መጣ። ከምንጩ በብርጭቆ ቀድቼ ሰጠሁት። ወደ ብርሃን አንሥቶ አየው። ያደረግሁትን ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኩት።

«እትዬ አስካለ፣ ያን ቀን ጠይቄዎት ነበር።»

«አዎ፣ ጠይቀውኛል። ፈርቼ ነው።»

«እኔን?»

«ኮንትራቴን።»

ብርጭቆውን እንደያዘ፣ ሽንት ቤቱ ተሠርቷል ብሎ ለበላዮቹ ሪፖርት የላከው በዚያው ሳምንት እንደነበር ነገረኝ። ጉድጓዱ ከተደፈነ፣ አልተሠራም ብሎ በራሱ እጅ ሌላ ደብዳቤ መጻፍ አለበት። አያ ይማም ራቅ ብለው ዶማቸው ላይ ተደግፈው ይሰሙ ነበር። ዘይነባም ከሁለት ሴቶች ጋር መጥታ ቆማለች።

አቶ ጌታሁን ውሃውን ሣሩ ላይ ደፋው። «ድፈኑት» አለ። ደብዳቤውን እንደሚጽፍ ተናግሮ ሞተሩን አስነሣ።

ጉድጓዱን በኮረቱና በአፈሩ ደፈንን። ቀለሙ ከምንጩ እስኪጠፋ አራት ቀን ፈጀ፤ ሴቶቹ ሌላ ምንጭ ሩቅ ሄደው ቀዱ። አዲሱ ሽንት ቤት የተሠራው ከጉብታው ወዲያ ማዶ፣ ከድሮው አጠገብ ነው። መንገዱን ግን ደረጃ አወጣንለት፣ የእንጨት መደገፊያ አበጀንለት፣ ፋኖስ ማንጠልጠያም ተከልን። እንግዶች መንገዱ ረዘመ ብለው መጻፋቸውን አላቆሙም።

በዚያ ዓመት ኮንትራቴ ለዓመት መሆኑ ቀርቶ ለስድስት ወር ብቻ ታደሰ። ምክንያቱን አልጠየቅሁም፣ አልተነገረኝምም። አቶ ጌታሁን ከዚያ ወዲያ ቦታ ሲመርጥ በመጨረሻ የሚጠይቀው እኔን ነበር፤ መጀመሪያ አያ ይማምን ይጠይቃል። ትክክል ነበር።

ካምፕ ለምትሠሩ የምለው ይኼን ነው። ሽንት ቤት ከመቆፈራችሁ በፊት ከቦታው በታች ማን ውሃ እንደሚቀዳ ሄዳችሁ እዩ። የምታውቁት ነገር ካለ ችካሉ ሲመታ ተናገሩ። ከተቆፈረ በኋላም መናገር ይቻላል፤ ሥራው ግን እጥፍ ይሆናል።