ከሲድኒ የመጣ ሃያ ስምንት ቀን

ወረቀቱን ያመጣው ሰውዬ ትሑት ነበር። ስሜን ጠይቆ፣ እኔ መሆኔን አረጋግጦ፣ ፖስታውን እጄ ላይ አስቀመጠና "መልካም ቀን" ብሎኝ ሄደ። ሜልቦርን ዳር፣ ሆፐርስ ክሮሲንግ ያለው ቤታችን ደጃፍ ላይ ቆሜ አነበብኩት። ባንኩ ቤታችንን ሊወስድ ከሶናል። የምሠራበት መጋዘን ሺፍቴን ከቀነሰብኝ ወዲህ የቤቱን ብድር ክፍያ እንደዘለልን አውቃለሁ፤ ማስጠንቀቂያም ደርሶን ነበር። ክስ ግን ሌላ ነገር ነው።

ለቤተ ክርስቲያን ሰው መናገር ሞት መሰለኝ። ሲድኒ ላለው ታላቅ ወንድሜ ደወልኩ። ከዓመታት በፊት እሱም እንዲሁ ተከሶ ቤቱን አትርፏል፤ ከዚያ ወዲህ በዘመዶቻችን ዘንድ ከዳኛ በላይ ነው።

"መልስ ለመስጠት ሃያ ስምንት ቀን አለህ" አለኝ። "ተረጋጋ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።"

"እሺ ጋሼ።"

ባለቤቴ አረጋውያን መንከባከቢያ ነው የምትሠራው፤ ቅጽ ስታነብና ስትሞላ ትውላለች። ወረቀቱን ሁለቴ አነበበችው።

"እዚህ ላይ እኮ አሥር ቀን ነው የሚለው" አለችኝ።

"ከጋሼ ልታውቂ ነው? እሱ ያለፈበት ሰው ነው!" ብዬ ጮኽኩባት። ዝም አለች። እሷ ዝም ስትል ያሸነፍኩ ይመስለኛል፤ የቆየ በሽታዬ ነው።

ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከትቼ ቀን መቁጠር ያዝኩ። መኪና ደጃችን በቆመ ቁጥር ቁልፍ ሊቀይሩብን የመጡ እየመሰለኝ መጋረጃ እገልጣለሁ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ነፃ የሕግ ምክር የሚሰጡ ሰዎች ጋ ደወልኩ፤ ለሚቀጥለው ሳምንት ቀጠሮ ቡክ ላደርግ ነበር። ስልኩን ያነሳችው ሴት ወረቀቱ መቼ እንደደረሰኝ ጠየቀች። ስነግራት "ዛሬውኑ ይምጡ" አለችኝ።

ወረቀቱን ከመሳቢያው አውጥቼ እንደታጠፈ ይዤ፣ ቢሯቸው ወዳለበት ኖርዝ ሜልቦርን በባቡር ሄድኩ። ጠበቃዋ ወጣት ናት፤ ጋሼ ያለኝን ስነግራት ረጋ ብላ አስረዳችኝ።

"ወንድምዎ የነገሩዎት የሲድኒን ሕግ ነው። እዚህ ሜልቦርን ያለነው ሌላ ክፍለ ግዛት፣ ቪክቶሪያ ውስጥ ነው፤ ሕጉ ይለያል። እከራከራለሁ ብለው ለፍርድ ቤቱ ለማሳወቅ የነበረዎት አሥር ቀን ብቻ ነው። ባንኩ ጠይቆ ከተፈረደለት ቀጥሎ የሚመጣው ቤቱን የሚያስለቅቀው ሸሪፍ ነው።"

ተፈርዶ እንደሆነ ልታጣራ ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች። እኔ ፊቷን ብቻ አያለሁ። ፈራሁ። ከአገር ተሰድጄ ድንበር ያቋረጥኩ ቀን እንኳ እንዲህ አልፈራሁም፤ ያኔ የያዝኩት የራሴን ነፍስ ብቻ ነበር።

"አልተፈረደም፤ እስካልተፈረደ ድረስ ዘግይተንም ማስገባት እንችላለን" አለች በመጨረሻ። የሚሞላውን ሞልታ እዚያው አስገባችልኝ። ቤቱ ገና እንዳልተረፈ፣ ጊዜ ብቻ እንዳገኘን፣ ከባንኩ ጋር ያለው ድርድር ገና እንደሚጀመርም አልደበቀችኝም።

ከዚያ ወረቀቱን ወደ እኔ አዞረችው። "አሥር ቀን" ከሚለው ሥር በእርሳስ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። እኔ አላየሁትም፤ መሳቢያውን ከዘጋሁት ወዲህ የከፈትኩት ዛሬ ነው።

"ማን ነው ያሰመረበት?" አለችኝ።

"ባለቤቴ" አልኩ። ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።

ወደ ቤት ስመለስ ባቡር ውስጥ ጋሼ ደወለ። "አይዞህ፣ ገና አሥራ ስድስት ቀን አለህ" አለኝ።

"እሺ ጋሼ" አልኩት።

ስልኩን ዘጋሁና ለባለቤቴ ደወልኩ። እስክታነሳው ድረስ ከጠበቃዋ ቢሮ የባሰ ፈራሁ።