ሐዋ በስሟ ስትፈለግ አልተገኘችም

ይህን ለነፍስ አባቴም ተናግሬው አላውቅም...

ማክሰኞ ከሰዓት አሶሳ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጫለሁ። የመጻሕፍቱን ዝርዝር በእሱ መፈለግ የለመድኩት በቅርቡ ነው። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት፣ የቀረውን በራሴ ስለሆነ፣ አዲስ ነገር ሳውቅ ለሰው ካላሳየሁ አያስችለኝም።

አጠገቤ አንዲት ሻሽ ያሰረች ሴት ትጽፋለች፣ ታጠፋለች። አማርኛዋ የበርታ ለዛ አለው።

«እማማ፣ ይሄ ማሽን እናቴን አያውቅም!» አለችኝ እየሳቀች።

«ማን ትባላለች?»

«ሐዋ። ሞተች፣ አላህ ይርሀማት። ድሮ፣ ክልሉ አዲስ ሲሆን፣ አንድ አስተማሪ ቤታችን ይመጣል። እናቴ ተረት ይነግረዋል፣ እሱ ይጽፋል። መጽሐፍ አደርገዋለሁ ብሎ ነበር። ለልጆቼ ላነብላቸው ነው።»

አስተማሪው ሟቹ ባሌ ነው።

ዝም ብል ተስፋ ቆርጣ ትሄድ ነበር። አፌ ቀደመኝ።

«ስሟን ተዪው። የምታወራውን ነገር ጻፊ።»

«ተረት» ብላ ጻፈች። መዓት መጽሐፍ መጣ።

«ሌላ ቃል ጨምሪበት፤ ሁለቱም ያሉበትን ብቻ ያወጣልሻል። እናትሽ አዘውትራ የምታወራው ምን ነበር?»

«ቀርከሃ ያበበበት ዓመት! ሁልጊዜ እሱን ነው።»

«ቀርከሃ» ጨመረችበት። አንድ መጽሐፍ ብቻ ቀረ። የደራሲው ቦታ ላይ የባሌ ስም...

መጽሐፉን አስወጥታ እዚያው ቆማ አነበበች። «የእናቴ ነው! ጥንቸሏም አለች!» አለች። ከዚያ ወደ ፊት ገለበጠች፣ ወደ ኋላ ገለበጠች። ሐዋ የሚል የለም።

«አይ ሰው!» አለች። «የእናቴን ገንፎ በልቶ፣ አፏንም ይዞ ሄደ።»

እንደዚያስ አልነበረም። ባሌ በመጀመሪያው ገጽ ላይ «ይህን ሁሉ የነገረችኝ ሐዋ ናት» ብሎ ጽፎ ነበር። የእጅ ጽሑፍሽ ያምራል ብሎ እንድገለብጠው የሰጠው ለእኔ ነው። ያን ሰሞን ጎረቤቱ «መምህሩ ሐዋ ቤት ነው አሉ የሚውለው» ይል ነበር... ያቺን ገጽ ምድጃ ውስጥ ከተትኳት።

መጽሐፉ ተባዝቶ ሲመጣ ገጿን ፈልጎ አጣት። «ሲያባዙት ጥለዋት ይሆናል» አልኩት። አመነኝ። ሐዋን በምን ዓይኔ አያታለሁ እያለ እስኪሞት በደጇ አላለፈም። ገበያ ስንሄድ እንኳ ዙሪያውን ነበር የሚወስደኝ።

ልጅቷ መጽሐፉን ታቅፋ እጄን ሳመችው።

«አንቺ ባትኖሪ አላገኘውም። አላህ ይስጥሽ እማማ።»

«አሜን» አልኩ... አሜን!

ስሟን ጠየቅኳት፤ ዘይነባ ነው። ቤታቸውን ግን አልጠየቅኳትም። ባሌ ሲሸሸው የኖረውን መንገድ አውቀዋለሁ።

ዛሬ ይህን የተናገርኩትን ሁሉ ያቺን ገጽ ባቃጠለው እጄ በወረቀት ገለበጥኩት። የመጀመሪያው መስመር «ይህን ሁሉ የነገረችኝ ሐዋ ናት» ይላል። ነገ በዚያ ደጅ ገብቼ የምሰጠው ለልጇ፣ ለዘይነባ ነው።