ከሻሼ ሥር የነበረው ጭርት

ይህን ለእናቴም ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩም። አሁንም የምጽፈው ፊት ለፊቴ የሚያየኝ ሰው ስለሌለ ነው።

ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየም ሥር ባለች ጸጉር ቤት ሹሩባ እሠራ ነበር። አንድ ቀን ከጆሮዬ በላይ ሳንቲም የሚያህል ቦታ ላይ ጸጉሬ ተሰባብሮ አገኘሁት። ጭርት መሆኑን አውቄያለሁ፤ ታናሽ ወንድሜንም ይዞት ያውቃል። ሻሽ አሰርኩና ዝም አልኩ። ራሴን ባከክሁበት እጅ የሰው ልጅ አበጥር ነበር።

ከዚያ የአንዲት ደንበኛችን ልጅ ራስ ተመላለጠ። እናትየዋ መጥታ ጮኸች። የቤቱ ባለቤት እትዬ አልማዝ ሁላችንንም በዓይናቸው መረመሩን። ያወቁብኝ መሰለኝ። አብራኝ የምትሠራው ዘይነብም ጠዋት ሻሼን አይታ "አመመሽ እንዴ?" ብላኝ ነበር። ለምን ጠየቀችኝ? ልትናገርብኝ ነው? ቀደምኳት። እኔ፣ ሰው ፊት ድምፄ የማይወጣው፣ "ዘይነብ ሁሌ እንደተሸፈነች ናት። ከሥሩ ምን እንዳለ ማን ያውቃል?" አልኩ።

እትዬ አልማዝ ሂጃቧን እንድትፈታ አዘዟት። ባላቸው በር ላይ ቆመዋል።

"ወላሂ የለብኝም። ጋሼ ይውጡና ልፍታው" አለች።

ጋሼ፣ "እኔ ደግሞ ምን አደረግኩ?" ብለው ሳቁ እንጂ አልወጡም። የሌለበት ሰው ምን ያስፈራዋል ተባለ፤ በዚያው ተባረረች። የእኔን ሻሽ የጠየቀ የለም።

ቁስሉ ሲሰፋብኝ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ሲስተሯ ደግ ነበረች። ፈንገስ ጥርስ የለውም፣ የሚበላው በሚያመነጨው ኢንዛይም ነው አለችኝ። ኢንዛይሙ እንደ ክር ተጠቅልሎ የተቋጠረ ነው፤ ጎድጓዳ ቦታ አለው፤ የጸጉር ፕሮቲን እዚያ ሲገጥም ይቆረጣል፣ ፈንገሱም የተቆረጠውን ይመጥጠዋል። የሰጠችኝ ክኒን ደግሞ ፈንገሱ ሽፋኑን የሚሠራበት ሌላ ኢንዛይም ውስጥ ገብቶ፣ የቁልፍ ቀዳዳ ውስጥ እንደተሰበረ ክብሪት ይሰነቀራል።

ከማን እንደያዘኝ ጠየቀችኝ። ከሥራ ቦታ፣ ከአንዲት ልጅ አልኳት። ማን አስገደደኝ? ዘይነብ በሌለችበት ሁለተኛ ከሰስኳት።

"አይዞሽ፣ አላወቅሽም" አለችኝ ሲስተሯ።

ስለ ኢንዛይሙ አላወቅኩም። ጭርቱ የማን እንደሆነ ግን አውቅ ነበር።

እኔ ድኛለሁ፤ ጸጉሬም ወጥቷል። ዘይነብን ሌላ ጸጉር ቤት አልቀጠሯትም፤ ወሬው ቀድሟት ይደርሳል። እናንተን ይቅርታ አልጠይቅም፤ ያጠፋሁት የእሷን ስም ነው። ባለፈው ቃሊቲ ታክሲ ተራ ካልሲ ስትሸጥ አይቼ ልነግራት ቀረብኩ። ቀና ስትል ዞሬ ሄድኩ። ይህንንም ከጥፋቴ ቁጠሩት።