ድንቡሼ የከሳበት ዓመት

በዳቦ ቤታችን ምድጃውን የሚይዘው ሰው ስም አለው፤ ግን ታላቅ እህቱ ከልጅነቱ ጀምሮ «ድንቡሼ» ስትለው እኛም በዚያው ቀረን። ወፍራም ነበር። ሲቀመጥ ወንበሩ ይጮኻል፤ ሲስቅ ሆዱ ይቀድመዋል። እሱ ትንሽ ልጅ ሳለ እናታቸው ስለሞተች ያሳደገችው እህቱ ናት። «እትዬ» ይላታል። ሁለቱም ሳያገቡ አንድ ቤት ይኖሩ ነበር።

የእትዬ ኩላሊቶች ሥራ ሲያቆሙ ድንቡሼ የራሱን አንዱን ሊሰጣት ተነሳ። ተመረመረ፤ ደማቸው ገጠመ። ሐኪሙ ግን ሚዛን ላይ አቁሞት ራሱን ነቀነቀ።

«በዚህ ውፍረት አንተን መቅደድ አደጋ አለው። መጀመሪያ ክብደት ቀንስ። ፈጠን በል ደግሞ፤ እሷ ብዙ ጊዜ የላትም።»

ከዚያ ወዲያ ምድጃ አጠገብ እየዋለ ዳቦ የማይቀምስ ሰው ሆነ። ትኩሱ ሲወጣ ፊቱን ያዞራል። ሊጥ አቡኪው ግን አይለቀውም።

«ድንቡሼ፣ አትተንፍስ። ዱቄቱ በአፍንጫህ ገብቶ ያወፍርሃል።»

«አንተ ሊጥህን እሽ» ይለዋል።

ከሥራ ሲወጣ ብረት ወደሚነሳበት ቤት ይሄዳል። መጀመሪያ ሰሞን ባዶውን ብረት ተሸክሞ ቁጢጥ እንዳለ መነሳት አቅቶት አሠልጣኙ ደግፎ ነው ያቆመው። እየቆየ ጉልበት አወጣ፤ የዱቄት ጆንያ ብቻውን ትከሻው ላይ ያወጣ ጀመር። ስኳርና ለስላሳ እርም አለ። እትዬ ሆስፒታል ሄዳ ደሟ በማይታጠብበት ቀን የአትክልት ሾርባ ትሠራለታለች። ሚዛኑ ግን ፈቀቅ አላለም።

«ወንድሜ፣ እውነቱን ንገረኝ» አለው አሠልጣኙ። «ተደብቀህ ምን ትበላለህ?»

«ምንም። የእህቴን ሾርባ ብቻ።»

አሠልጣኙ አላመነውም። ድንቡሼም ራሱን መጠርጠር ጀመረ። አንድ ቀን እኔ ወዳለሁበት መሸጫ መጥቶ፣ «ሰው በእንቅልፍ ልቡ ሊበላ ይችላል?» ብሎ ጠየቀኝ።

አንድ ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፍቶ ልምምዱ ቀረና ቤት ቀድሞ ገባ። እትዬ ወጥ ቤት ቆማ የተፈጨ ለውዝ በማንኪያ እየዛቀች ሾርባው ውስጥ ታማስላለች። የዘይቱ ጠርሙስ አጠገቧ ተከፍቷል።

«ለማን ነው እትዬ?»

«ላንተ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው።» ማንኪያውን አላስቀመጠችም። «እናታችን ስትሞት ሙሉህን ነው የተረከብኩህ። እኔ ልኑር ብዬ ላስቀድድህ? ሳትነቃ ብትቀርስ?»

«አንቺ ከሌለሽ እኔ ብቻዬን ምን እሆናለሁ?»

«ታገባለህ» አለችው። ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ እሱ አለቀሰ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ምግቡን ራሱ ሠራ፤ የተቀቀለ እንቁላል፣ ምስር፣ ዘይት ያልነካው ጎመን። አልተኳረፉም። አንድ ጠረጴዛ ላይ የየራሳቸውን ሳህን ይዘው ይቀመጣሉ። ሥጋው እየረገፈ ሄደ፤ ቀበቶው በምስማር አዳዲስ ቀዳዳ ተበሳለት። አቡኪው እንኳ መቀለዱን ተወ።

በመጨረሻ ሐኪሙ ሚዛኑን አይቶ፣ «አንተስ ደርሰሃል» አለው። ቀጥሎ የተናገረው ግን ሌላ ነው። የእትዬ ልብ ደክሟል፤ ከጥቂት ወራት በፊት ቢሆን ትችለው የነበረውን ቀዶ ሕክምና አሁን አትችለውም። ክረምቱ ሳይገባ አረፈች።

ሊያጽናኑት የመጡት ሰዎች እሱን ሲያዩ ይደነግጣሉ። «ሐዘን እንዴት ጨረሰው» ይባባላሉ። አቡኪው፣ «ኧረ እሱስ ከሐዘኑ በፊት ነው…» ብሎ ሲጀምር ድንቡሼ በዓይኑ ዝም አሰኘው። የከሳበትን ምክንያት ማውራት ከተጀመረ የዘገየበትም ምክንያት መነሳቱ አይቀርም። እትዬን ማንም እንዲወቅስበት አልፈለገም።

አንዲት ጎረቤት ምግብ ሞልታ አቀረበችለት። «ብላ እንጂ ልጄ። እህትህ እንዲህ ሆነህ ብታይህ ምን ትል ነበር?»

«ትቆጣኝ ነበር» አላት።

ሳህኑን ተቀብሎ፣ እንባውን ሳይጠርግ፣ አንድም ጉርሻ ሳያስተርፍ በላው።