ለሴሎቼ ለቅሶ የደረሱት ጋሽ ዳምጠው

አላመንኩም። ከቤተ ክርስቲያን የደወለችልኝን ልጅ "ሌላ ሰው ይሆናል፣ በደንብ አጣሪ" ብዬ ተቆጣኋት። ከዚያ ራሴ እቤታቸው ደወልኩ። ስልኩ ሲነሳ ከጀርባ ለቅሶ ሰማሁ።

ጋሽ ዳምጠው ዛሬ ጠዋት አረፉ። ልባቸው ነው አሉ። ትናንት እኮ ደህና ነበሩ፤ እንዲያውም በስልክ ሲቆጡኝ ነበር።

እዚህ ካምፓላ ያለን ሐበሾች "ዶክተሩ" እያልን ስለምንጠራቸው ብዙ ሰው ሐኪም ይመስሉታል። ሰርግ ላይ ሳይቀር ስለ ደም ግፊቱ የሚያማክራቸው አይጠፋም። እሳቸው ግን ተመራማሪ ነበሩ። እኔም የተማርኩት በእሳቸው ሥር ነው።

ሥራችንን ለማታውቁ፦ ከአይጥ ታይሮይድ ካንሰር የተገኙ ሴሎችን በሳህን እናሳድጋለን። ካንሰር ስለሆኑ ካበሏቸው መባዛት አያቆሙም። የሚገርመው ግን ልክ እንደ አንዳንድ የአንጎል ነርቮች ሴሮቶኒን ይሠራሉ፤ ከስሜትና ከእንቅልፍ ጋር የሚያያዘውን ኬሚካል ማለቴ ነው። ምግባቸው ሲቀየር ደግሞ እንደ ነርቭ ክር ያወጣሉ። የሰው አንጎል በፈለጉ ጊዜ ተከፍቶ አይታይም። ስለዚህ አንድ መድኃኒት ምን እንደሚያደርግ መጀመሪያ በእነሱ ላይ እናያለን።

ክር ሲያወጡ በማይክሮስኮፕ ያየሁ ቀን "ነርቭ ሆኑ!" ብዬ ጮህኩ። ጋሽ ዳምጠው ጎንበስ ብለው አዩና "ይመስላሉ እንጂ አይደሉም" አሉኝ። ደስታዬን ቀሙኝ፤ እውነቴን ነው፣ በጣም ነው የተናደድኩት። ይህቺን ቃላቸውን የማያውቅ ተማሪ የለም። ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ ማቶኬ፣ ያ ተቀቅሎ የሚፈጨው ሙዝ፣ ቀርቦለት ገንፎ ነው ወይ ካለ እንኳ መልሳቸው ያው ነው።

ተማሪ ሳለሁ አንድ ጊዜ መብራት ጠፋ፤ ጄኔሬተሩም አልነሳም አለ። ሴሎቼ በሙሉ አለቁ። ካምዎክያ ያለችው ክፍሌ ገብቼ ሻንጣዬን አወጣሁ። ትምህርቱን ትቼ አገሬ ልገባ ቆርጬ ነበር።

በማግስቱ በሬ ተንኳኳ። ጋሽ ዳምጠው ጥቁር ኮት ለብሰው ቆመዋል። ባለቤታቸው እትዬ ብርሃኔ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ በፌስታል ሮሌክስ ይዘዋል፤ ያው የመንገዱን ቻፓቲ በእንቁላል። "ለቅሶ ልንደርስ ነው" አሉኝ ጋሼ፣ ፈገግ እንኳ ሳይሉ።

ገብተው ተቀመጡ። እንደ ለቅሶ ቤት አንገታቸውን ደፉ። እኔ እንባዬ እየወረደ ሳቅ አመለጠኝ። ሲወጡ ሻንጣውን አይተው እንዳላዩ አለፉትና "እስከ ሠልስት አልቅሺ። ከዚያ ነይ፣ ለክፉ ቀን ያስቀመጥኳት አንዲት ቱቦ ማቀዝቀዣው ውስጥ አለች" አሉኝ።

ሄድኩ። ሴሎቹ በረዶ ሆነው የተቀመጡባትን ቱቦ ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ይዘው ራሳቸው አቀለጧት። እኔን ያስመረቁኝ ከእሷ የተባዙት ናቸው። ዛሬም ላብራቶሪው ውስጥ ያሉት የእነሱ ዘር ናቸው።

ምግባቸውን የምንቀይረው በተራ ነው። እሑድ የጋሽ ዳምጠው ነው፤ ከቅዳሴ ወጥተው፣ ነጠላቸውን አጣጥፈው፣ ጋዋናቸውን ደርበው ይገባሉ።

ዛሬ እሑድ ነው። ሙቱንጎ እቤታቸው ስደርስ እትዬ ብርሃኔ አቅፈውኝ አለቀሱ። ትንሽ ቆይተው ጆሮዬ ሥር "ልጄ፣ ሴሎቹን ማን አበላቸው?" አሉኝ። ማንም አላበላቸውም፤ ሁላችንም እዚያው ለቅሶ ላይ ነበርን። "በይ ተነሽ" አሉኝ።

የቦዳ ሞተር ሳይክል ይዤ ሄድኩ። ይህን የምጽፈው ከላብራቶሪው ነው።

ጋሼ፣ ጋዋንዎ ከበሩ ጀርባ እንደተሰቀለ ነው። ስገባ እርስዎ የቆሙ መስሎኝ ተጣራሁ። ይመስላል እንጂ አይደለም።

ሴሎቹ በልተዋል፣ አያስቡ። እሑድን ከእንግዲህ እኔ እይዛለሁ። ለእርስዎ ግን ለክፉ ቀን ያስቀመጥነው ቱቦ የለንም፤ እሱ ነው የከበደኝ።

አሁን ነጠላዬን አዘቅዝቄ ወደ ቤትዎ እመለሳለሁ። ሮሌክሱን ዛሬ እኔ ነኝ የምይዘው። ደህና ይሁኑ፣ ጋሼ።