«ደህና ነን» ባይዋ እህቴ

እህቴ ብሪታ በሰሜን ሚኒሶታ የበረዶ መጥረጊያ መኪና ትነዳለች። እግሯ ላይ ብረት ቢወድቅባት እንኳ «ምንም አልሆንኩም» ነው የምትለው። እኛ አገር ሁሉም ሰው እንዲህ ነው፤ እሷ ግን አበዛችው።

ሁለተኛ ልጇን ሶልቬግን በወለደች በማግስቱ፣ ዓርብ ከሰዓት፣ ልጠይቃት ሆስፒታል ሄድኩ። ሕፃኗ ጡት አልይዝ ብላ ታለቅሳለች፤ የብሪታ የጡት ጫፍ ተሰነጣጥቆ ይደማል። በመጀመሪያ ልጇም እንዲሁ ሆኖ፣ የሚያሳያት አጥታ፣ በሦስተኛው ሳምንት ወተቷ ደረቀ። ያኔ ስንት ወር እንዳለቀሰች የማውቀው እኔ ነኝ። አሁንም ነርሷ የሕፃኗ ክብደት መቀነሱን ተናግራ፣ የዱቄት ወተት በጡጦ በጥብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለች።

የጡት ማጥባት አማካሪዋ የት አለች ብዬ ነርሶቹን ብጠይቅ፣ መዝገባቸው ላይ ተቸግረዋል ተብሎ የተጻፈላቸውን ብቻ ነው የምታየው አሉኝ። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ አትገባም፤ ብሪታ የምትወጣው ነገ ነው። የብሪታ መዝገብ ላይ ደግሞ በየፈረቃው «ማጥባቱ ደህና ነው» ተብሎ ተጽፏል። ለካስ ነርሶቹ እንዴት ነው ሲሏት «ደህና ነን፣ አመሰግናለሁ» እያለች ትሸኛቸዋለች። ደሜ ፈላ፤ በእሷም፣ አንዴ እንኳ ገልጠው ሳያዩ በሚጽፉትም።

አማካሪዋን፣ ወይዘሮ ዶሪንን፣ ካፖርታቸውን ለብሰው ሊፍቱ በር ላይ ደረስኩባቸው። እየተነጫነጭኩ ይዣቸው ተመለስኩ። ካፖርታቸውን አውልቀው፣ እጃቸውን ታጥበው የሕፃኗን ሆድ ከእናቷ ሆድ ጋር አጣበቁ፤ አፏን በሰፊው እስክትከፍት ጠብቀው ወደ ጡቱ አስጠጓት። ያዘች። ስትውጥ ሲሰማ ብሪታ እንባዋ መጣ።

«ለምን አልተናገርሽም ልጄ?» አሏት።

«ከእኔ የባሰባት ትኖራለች ብዬ ነዋ። ወረፋዋን እንዳልወስድባት።»

«ዛሬ እኮ ዝርዝሬ ላይ አንድም እናት አልነበረችም። ቀኑን ሙሉ ወረቀት ሳገላብጥ ዋልኩ።»

በማን እንደምናደድ ጠፋኝ። ከጎናችን ካለው ክፍል የሕፃን ለቅሶ ይሰማል፤ ከመጣሁ ጀምሮ አላቋረጠም። ወይዘሮ ዶሪን ካፖርታቸውን አነሱ። ብሪታ ልጇን እንዳቀፈች ቀና አለች።

«ከጎን ያለችውን እናት ደህና ነሽ ወይ ብለው አይጠይቋት» አለች። «ገብተው ይዩ።»