የታቀፈችው ቆቅ

ደብረ ሲና መውረጃ ላይ አንድ ጎረምሳ እግሯ የታሰረ ቆቅ ዘቅዝቆ ወደ መኪናው መስኮት አስጠጋልኝ። ላባዋ ጭስ ጭስ ይሸታል።

ያ ሽታ ልጅነቴን መለሰብኝ። አጎቴ አንኮበር ጫካ ሥር ለእርሻ ብሎ ቁጥቋጦ ሲያቃጥል፣ እንቁላል የታቀፈች ቆቅ እሳቱ አጠገቧ ደርሶ እንኳ አልተነሳችም። በዱላ አናቷን አላት። "በስመ አብ" ብሎ ቢላውን አንገቷ ላይ ሲያሳርፍ ግን ሞታለች።

አያቴ ጮኹበት፦ "ሳትታረድ ሞታለች፣ በክት ናት! የታቀፈች እናት መትተህ የማትበላውን ገደልክ!"

አጎቴ በንዴት እንቁላሎቹን በበረባሶው ረጋገጣቸው። ከስብርባሪው መሃል አንዲት የጫጩት እግር ትወራጭ ነበር።

"እህቴ፣ ቶሎ በይ" አለኝ ጎረምሳው ቆቋን እያወዛወዘ። "ጫካው አልቋል፣ ሌላ አታገኚም። ሳትሞት አሳርጃት፣ በክት ትሆንብሻለች።"